ካች ካን ከገጠምኩ በኋላ ቮልሴ ዘይት ትተፋለች፣ ድረሱልኝ!

ቮልስ 68፦ ሰላም ቤተሰብ። አራት ኪሎ ቆሜያለሁ፣ ቶሎ መልሱልኝ። መኪናዋ በፈረንጆች የ1968 ቮልስ ናት፣ 1300 ሞተር። ቸርችልን ስወጣ ሰማያዊ ጭስ ታስቸግረኝ ነበር። የአየር ፊልትሮውን ስከፍተው ዘይት በዘይት ሆኗል። ቪዲዮ አይቼ ትናንት ካች ካን (ዘይቱን ከጋዙ የሚለይ ጣሳ) ገጠምኩላት። ዛሬ ከፒያሳ ተነስቼ አራት ኪሎ ስደርስ ፑሌጃው (ቺንጊያውን የሚያዞረው መዘውር) አካባቢ ዘይት ይፈሳል። ጠብ ጠብ አይደለም፣ ይፈሳል! ምን ላድርግ?

የሰባራ ባቡር ልጅ፦ መጀመሪያ ሞተሩን አጥፋው። ሌላው ይደርሳል።

ሚኪ፦ ነዳጁን የሚለኩሰውን ካንዴላ ቀይር። የኔም እንደዛ ስትሆን ካንዴላ ቀይሬ ነው የተወችው።

ጋሽ ፍሬን፦ ልጄ፣ ከመግጠምህ በፊት መጠየቅ ነበረብህ። ሞተር ሲሠራ ጥቂት ጋዝ በፒስተኑ ፋሻ (ዙሪያው ባለው ቀለበት) ሾልኮ ዘይቱ ወዳለበት ይወርዳል። ያ ጋዝ መውጫ ይፈልጋል። ቮልስ ላይ ከዘይት መሙያው አንገት በቱቦ ወደ አየር ፊልትሮው ይሄዳል፣ ሞተሩም መልሶ ምጎ ያቃጥለዋል። ካች ካን መሀል ገብቶ ዘይቱን ከጋዙ የሚለይ ጣሳ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። የዛሬ ልጆች ግን ቪዲዮ አይታችሁ ቁልፍ ታነሳላችሁ።

ሚኪ፦ ጋሼ፣ ልጁ መንገድ ላይ ነው እኮ። ለማንኛውም ካንዴላውን ይየው።

የሰባራ ባቡር ልጅ፦ ሚኪ፣ ባለፈው ሰውየው መሪ ከበደኝ ሲልም ካንዴላ ቀይር ብለኸው ነበር።

የሶማሌ ተራው፦ ጣሳው ስንት አፍ አለው? ቱቦዎቹ የት የት ገቡ?

ቮልስ 68፦ ሁለት አፍ። አንዱ ከሞተሩ ይመጣል። ሌላው አቧራ እንዳያስገባ በቡሎን ዘጋሁት። ከዘይት መሙያው ወደ ታች የምትወርደውም ቱቦ ጠብ እያለች ስላስቸገረችኝ ደፈንኳት።

የሶማሌ ተራው፦ በቃ፣ ተገኘ! የሚፈላ ድስት ከድነህ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጭነሃል። የዚህ ሞተር ፑሌጃ በኩል ሲሠራ ጀምሮ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋ ጎማ) የለውም። ዘይቱን ወደ ውስጥ የሚመልሰው ፑሌጃው አንገት ላይ የተፈለፈለው ጠመዝማዛ መስመር ነው። ውስጥ ግፊት ሲታፈን ያ መስመር አይችለውም። አሁኑኑ የደፈንካትን ቱቦ ክፈት፣ ጣሳውን አውጣና የድሮውን ቱቦ ወደ ፊልትሮው መልስ። ከዛ ሜዳ ቦታ ላይ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ትንሽ ከቆየ በኋላ ዘይቱን ለካ። ጠቅላላው 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ የፈሰሰው ቀላል እንዳይመስልህ። ሳትሞላ እንዳታስነሳት። ሞተሩን ከአየሩ ጋር የሚያቀዘቅዘው ዘይቱም ነው።

ጣሳውን በኋላ መልሰህ ከገጠምከው ሁለተኛው አፍ ወደ ፊልትሮው ይሂድ። ቱቦው ከድሮው አይጥበብ፣ መሀል ላይም አይርገብ። የረገበበት ቦታ ዘይት ይተኛና ይዘጋዋል።

የአባቴ ቮልስ፦ ቆይ ቆይ፣ እኔ ከመነሻው አልገባኝም። የ68 ቮልስ የአየር ፊልትሮ እኮ ራሱ ዘይት የሚሞላበት ነው! አቧራውን የሚይዘው ከታች ያለው ዘይት ነው። ሞልቶ ማግኘትህ በሽታ አይደለም። ጥያቄው ልኩ ነው፣ ቀዩ ምልክት ላይ መቆም አለበት። ካለፈ ዳገት ስትወጣ ካርቡሬተሩ ይስበዋል፣ ያው ሰማያዊ ጭስ ነው። በቅርብ ያጠበው ሰው አለ?

ቮልስ 68፦ ወይኔ። ባለፈው ወር ጋራዥ አጥበውልኛል። አፉ ድረስ ሞልቶ ነበር። ጭሱም የጀመረው ከዛ ወዲህ ነው መሰለኝ።

የአባቴ ቮልስ፦ ታዲያ ለምን ካች ካን ገዛህ?

የሰባራ ባቡር ልጅ፦ የምግብ ዘይት በተወደደበት ዘመን ሰውየው አስፋልት ያቁላላል።

ጋሽ ፍሬን፦ ልጅቷ ልክ ናት። ፊልትሮው ተስተካክሎ ጭሱ ካልቆመ ግን ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) አስለካ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ መለኪያው መጽሐፉ ላይ ካለው ዝቅ ብሎ ያነባል። ይሄን አይተው «ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ» የሚሉህ አሉ። አትደንግጥ፣ አራቱን ሲሊንደር እርስ በርስ አወዳድር። አንዱ ብቻውን ከወረደ እሱ ነው።

ቮልስ 68፦ ቱቦዋን ከፈትኳት፣ ፉፍ አለች! ዘይት ልገዛ እየሄድኩ ነው። ትራፊክም እያየኝ ነው፣ ደርሼ እጽፋለሁ።

ሚኪ፦ ካንዴላም በዛው ግዛ።

የሶማሌ ተራው፦ ወንድሜ፣ ሁለት ሳምንት ሆነህ እኮ። ጭሱ ቆመ? ካች ካኑን የማትፈልገው ከሆነ እኔ እገዛዋለሁ።