ልጄ ሲፒ ነው፤ እናንተ እንዴት ቻላችሁት?

ጠያቂ፦ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። መጻፍ ብዙም አይሆንልኝም። ዛሬ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ የሆዴን ለሰው ካላወጣሁት የምፈነዳ መሰለኝ።

ሐዋሳ ነው የምኖረው፣ ታቦር ተራራ ሥር። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ 9 ዓመቷ ነው። ትንሹ በቅርቡ 4 ሞላው፤ ማሙሽ እያልኩ ልጥራው። ሴሬብራል ፓልሲ (ሲፒ) አለበት፤ አንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። ምጡ ረዝሞብኝ ነበር። ሲወለድ አላለቀሰም። ያኔ አለማልቀሱ ምን ማለት እንደሆነ አላወቅኩም፤ ጸጥተኛ ልጅ ሰጠኝ ብዬ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። በ8 ወሩ አንገቱ አልጠና ሲል ሐኪም ቤት ወሰድኩት። በቅጡ ሰምቼው የማላውቀውን የበሽታ ስም በአምስት ደቂቃ ነግረውኝ፣ “ስፖርት ይሠራለት” ብለው ሸኙኝ። ምን ዓይነት ስፖርት? ማን ነው የሚያሠራው? የሚነግረኝ አላገኘሁም።

አሁን አይቀመጥም፣ አይናገርም። ሳነሳው እግሮቹ እንደ መቀስ ይጣመራሉ። 13 ኪሎ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አዝዬው ነው የምውለው። ባለቤቴ የከባድ መኪና ረዳት ነው፣ በሞያሌ መስመር። በወር ቢበዛ ስድስት ቀን ነው ቤት የሚያድረው። ደግ ሰው ነው። ግን የለም።

እኔ እንጀራ እየጋገርኩ ለሱቆች አስረክባለሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እነሳለሁ፤ ማሙሽ ሳይነቃ መጨረስ አለብኝ። አንድ ኩባያ አጥሚት ለማጠጣት 50 ደቂቃ ይፈጅብኛል፣ ያውም በቀን ሦስቴ። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ሁሉም ነገር ይመሰቃቀላል።

ይህን ሁሉ ችዬዋለሁ። የሰበረኝ ሌላ ነው።

ባለፈው እሁድ ትልቋ ልጄ “እማ፣ ጸጉሬን ሥሪልኝ” አለችኝ። ማበጠሪያውን ይዛ አጠገቤ ቆማለች። ማሙሽን እያበላሁ ስለነበር “ቆይ” አልኳት። በልቶ እንደጨረሰ አስመለሰው። “ቆይ” አልኳት። ከዚያ ተንዘፈዘፈ። ማታ ዞር ብዬ ሳያት፣ ማበጠሪያውን እንደያዘች ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ወደ አልጋዋ ላነሳት ስል ዓይኗን ገለጥ አድርጋ “እማ፣ እኔም ብታመም ታዝይኛለሽ?” አለችኝ።

ዝም አልኳት። ምን ልበላት?

ጸበል ሄጃለሁ። ሐምሌ 19 በገብርኤል ንግሥ አዝዬው ቆሜ ተስያለሁ። “እግዚአብሔር ያውቃል” እንደምትሉኝም አውቃለሁ፤ እሱማ ያውቃል። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። ነገ በ10 ሰዓት ምን ብዬ ልነሳ? እናንተ ተስፋውን ከየት ነው የምታመጡት?

መልስ፦ የሐይቅ ዳር እናት፣ ሐዋሳ

ልጄ፣ የጻፍሽውን መነጽሬን እያወለቅኩ እያጠለቅኩ ነው ያነበብኩት። የእኔዋ 17 ዓመቷ ነው። እንደ ማሙሽ ናት፤ አትሄድም፣ አትናገርም።

የጎረቤቴ ልጅ ከእሷ ጋር በአንድ ሳምንት ነው የተወለደው። እሱ ሲቆም አለቀስኩ። ሲሮጥ አለቀስኩ። አንደኛ ክፍል የገባ ቀን ቤቴን ዘግቼ ዋልኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ በሰው ልጅ ነበር የምቆጥረው። እንግዳ ሲመጣ እሷን ጓዳ አስገባት ነበር። ይህን ስጽፍልሽ እስከዛሬ ልቤ ይወጋኛል።

አንድ ቀን ቡና ስወቅጥ ስልክ ተደወለና ሙቀጫውን ትቼ ወጣሁ። ልጄ ጮኸች። ተመልሼ መውቀጥ ስጀምር ዝም አለች። እንደገና አቆምኩ፤ ጮኸች። ጀመርኩ፤ ዝም። እጄ ተንቀጠቀጠ። ይህች ልጅ ቡናው እስኪፈላ እየጠበቀች ነበር! ዕጣኑን፣ ጎረቤት ሲሰበሰብ፣ ሳቁን፣ ሁሉንም ታውቀው ኖሯል። እኔ ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ ምንም አትሰማም ብዬ በራሷ ላይ አለቅስባት ነበር። ከዚያን ቀን በኋላ ጓዳ ገብታ አታውቅም። ዛሬ “አዎ” ስትል ወደ ላይ ታያለች፤ “እምቢ” ስትል ፊቷን ታዞራለች። ልብሷን የምትመርጠው እሷ ናት። ቢጫ ትወዳለች።

ስለዚህ ማሙሽን አናግሪው። አጥሚቱን ስታጠጪው ምን እያደረግሽ እንደሆነ ንገሪው። አፉ ስላልተናገረ ጆሮው አልሰማም ማለት አይደለም።

ሌላም ልንገርሽ። ልጄ የ10 ዓመት ልጅ እያለች ወገቤ ተያዘና ሦስት ሳምንት ተኛሁ። መገላበጥ እንኳ አቃተኝ። እስከዚያ ድረስ ማንንም አላስነካትም ነበር፤ “ምንም አልፈልግም፣ ደህና ነን” ነበር መልሴ። ያኔ ግን ምን አማራጭ አለኝ? የእድር ጎረቤቶቼ ተራ ገቡ። መጀመሪያ ቀን አንዷ ስታበላት ግማሹ ደረቷ ላይ ፈሰሰ። በሦስተኛው ቀን ግን ከእኔ በተሻለ አበላቻት። ለካ ልጄን የሚያበላት የእኔ እጅ ብቻ አይደለም። ሰው እምቢ ብሎኝ አልነበረም፤ እኔ ነኝ ያላስጠጋሁት።

ትልቋን በተመለከተ፦ “አዎ” በያት። ዛሬም አልረፈደም። ደግሞ እስክትታመም አትጠብቂ፤ ሳትታመምም እዘያት።

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስት

እህቴ፣ ልጅሽን ሳላየው እንዲህ ነው ብዬ ልወስንልሽ አልችልም። ግን የሚነግርሽ እንዳላገኘሽ ሳነብ አዘንኩ፣ በሙያዬም አፈርኩ።

ስለ አጥሚቱ ልጀምር። አቀማመጡን እዪው። ብዙ እናቶች ልጁን አጋድመው፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥለው ነው የሚያጠጡት። ያኔ ምግቡ ወደ አየር ቧንቧ ሊገባ ይችላል፤ ሳሉና የሚመላለሰው የሳንባ ምች ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ቀና አድርገሽ አስቀምጪው፣ አገጩ ትንሽ ወደ ደረቱ ያዘንብል። በትንሽ ማንኪያ ስጪው፤ መዋጡን ሳታዪ ሌላ አትጨምሪ። ቀጭን አጥሚት ለእንዲህ ያለ ልጅ ይከብዳል፣ ወፈር ያለ ይሻላል። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አታስተኚው።

ለመቀመጫ ከውጭ የመጣ ወንበር የግድ አይደለም። የሰፈር አናጺ ጎንና ጎኑ የተደገፈ፣ ከግድግዳ ጥግ ጋር የሚመሳሰል መደገፊያ ያለው ወንበር ይሠራልሻል። በእግሮቹ መሃል ጨርቅ የተጠቀለለበት አጭር እንጨት ይኑረው፤ እግሮቹን ያለያያቸዋል። ማዘልሽ በራሱ ክፉ አይደለም፣ ሲታዘል እግሩ ይከፈታል። የምፈራው ለወገብሽ ነው። ስታነሺው ከወገብሽ አትጎንበሺ፤ ቁጢጥ ብለሽ ወደ ደረትሽ አስጠጊውና በጉልበትሽ ተነሺ።

“ስፖርት” የተባለውን ገላውን ለብ ባለ ውሃ ካጠብሽው በኋላ ብትሠሪለት ጡንቻው ላላ ይላል። በኃይል አትክፈቺው። ቀስ ብለሽ ይዘሽ፣ እስኪላላ ጠብቂ። አንጎሉ ላይ የደረሰው ጉዳት ራሱ እየባሰ አይሄድም፤ ይህን ብዙ ወላጅ አይነገረውም። ካልተንቀሳቀሰ እየባሰ የሚሄደው ጡንቻውና መገጣጠሚያው ነው። ዳሌውንም ሐኪም እንዲያይልሽ ጠይቂ፣ ቀስ በቀስ ከቦታው ሊወጣ ይችላል።

መንዘፍዘፉ ደግሞ ክትትል ይፈልጋል። ሲጥለው በጎኑ አስተኚው። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አትክተቺ። ክብሪት ማሽተትም ይቅር፣ አይጠቅመውም። ሰዓት ያዢ፤ 5 ደቂቃ ካለፈው ወደ ሐኪም ቤት ይዘሽው ሩጪ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርድ ከሌለሽ ቀበሌሽ ሄደሽ መቼ እንደሚመዘግቡ ጠይቂ።

መልስ፦ እምነቴ ጽኑ ነው

እህቴ፣ እኔ የልጄን የሚጥል በሽታ መድኃኒት አቁሜ በጸበል ብቻ ልጸና ወስኛለሁ። አንቺም ጽኚ።

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስት

እባክሽ እህቴ፣ በድንገት አታቁሚበት። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ልጁን ያለማቋረጥ ሊጥለውና ለሞት ሊያሰጋው ይችላል። ዛሬውኑ ሐኪሙን አነጋግሪው። እኔም ጸበል እጠመቃለሁ። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እንኳ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ ለምእመኑ ተናግረዋል። ሁለቱንም ያዢ።

መልስ፦ ሾፌሩ፣ አዳማ

እኔ አባት ነኝ። የምነዳው በጅቡቲ መስመር ነው። “ደግ ሰው ነው። ግን የለም” ያልሽውን ሳነብ መኪናዬን ዳር አቁሜ ቆየሁ።

እኔም አልነበርኩም። መንገዱ ስላስገደደኝ ብቻ መስሎሽ እንዳይሆን። አዳማ ገብቼ ጭነት እስኪገኝ ሁለት ቀን እያለኝ፣ ጋራዥ ሥራ ይዣለሁ እያልኩ የማመሽበት ጊዜ ነበር። ልጄን ሳቅፈው ሰውነቱ ግትር ይላል፤ የምሰብረው ይመስለኝና እፈራ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ ስደውል “ደህና ነን” ትለኛለች። ደህና ከሆኑማ ብዬ እተዋለሁ።

አንድ ማታ “ደህና አይደለንም። ስትመጣ የምታጥበው አንተ ነህ” አለችኝና ስልኩን ዘጋችው። መጣሁ። እጅጌዬን ሰብስቤ አጠብኩት። እሷ በሩ ላይ ቆማ “ጭንቅላቱን በክንድህ፣ አዎ እንደሱ” እያለች ነገረችኝ። ለብ ያለው ውሃ ሲነካው ያ ግትር ሰውነት ክንዴ ላይ ልቅቅ አለ። ሳቀ። ልጄ 3 ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ሲስቅልኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤት ስገባ ገላውን የማጥበው እኔ ነኝ፤ ለሌላ ሰው አልሰጥም።

ባልሽን “አግዘኝ” ብቻ አትበይው፤ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም ይሆናል። አንድ ሥራ ለይተሽ ስጪው። ሲደውል ደግሞ እውነቱን ንገሪው። የእንጀራውን፣ የማበጠሪያውን፣ የልጅቷን ጥያቄ ሁሉ ንገሪው።

ጠያቂዋ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቶሎ ያልመለስኩት እጄ ስላልቦዘነ ነው።

ወንድሜ ሾፌሩ፣ ያልከኝን አደረግኩ። ለባለቤቴ በስልክ ስለ ማበጠሪያው ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ “ሃሎ፣ ሃሎ” ስል ሲያለቅስ ሰማሁት። ባለፈው ሳምንት ሲመጣ ከይርጋለም ጣውላ ጭኖ መጣ። ከአናጺው ጋር ሆኖ ወንበሩን ሠሩት፣ በእግሮቹ መሃል ያለችውን እንጨትም የአሮጌ ፎጣ ቁራጭ ጠቀለሉባት። ማሙሽ መጀመሪያ ቀን ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጠ። ከዚያ ወደ ጎን ዘመም አለ። አሁን እንጀራ ስጋግር አጠገቤ ተቀምጦ ምጣዱን ያያል። አክንባሎውን ስከፍት እንፋሎቱ ሲወጣ ዓይኑ ይከተለዋል። እስከዛሬ ጀርባዬ ላይ ስለነበር ፊቱን አላየውም ነበር።

አጥሚቱ ወፍሯል። አሁንም 40 ደቂቃ ይፈጃል፤ ማስመለሱ ግን ቀንሷል። መንዘፍዘፉ አለ። ለክትትል ተቀጥሯል።

እማማ፣ ያሉኝን ከማድረጌ በፊት አራት ቀን ፈራሁ። ከዚያ ለጎረቤቴ ሄጄ “ነገ ከሰዓት ማሙሽን ሁለት ሰዓት ትይዥልኛለሽ?” አልኳት። “እኔ እኮ እንድትጠይቂኝ ስጠብቅ ነበር፤ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው” አለችኝ። አራት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ተካፍለን ስንኖር!

ትልቋን ልጄን ይዤ በባጃጅ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ ሄድን። የተጠበሰ ዓሣ በላን፣ እሾሁን እየለቀምኩላት። አንገታቸው ላይ ከረጢት ያንጠለጠሉት ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ የዓሣ አንጀት ሲሻሙ እያየች ሳቀች። እዚያው ዛፍ ሥር ተቀምጠን ጸጉሯን ሠራሁላት። ስጨርስ “ያኔ የጠየቅሽኝን ታስታውሻለሽ?” አልኳት። አንገቷን ደፋች። “ነይ” ብዬ ጎንበስ አልኩላት።

“እማ፣ ትልቅ ነኝ እኮ! ሰው ያየናል!” አለች። ግን ወጣች። እግሮቿ ጉልበቴ ድረስ ይደርሳሉ። ነጠላዬን አጥብቄ አሰርኩባትና በሐይቁ ዳር እስከ ባጃጆቹ ድረስ አዝያት ሄድኩ። አገጯን ትከሻዬ ላይ አድርጋ መንገዱን ሙሉ ስለ ትምህርት ቤቷ ስታወራልኝ ነበር። እጇ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

ነገም በ10 ሰዓት እነሳለሁ።