አስቸኳይ፦ ትክክለኛ መልመጃዎች በጂዲቢ ፈተና «ወደቀ» እየተባሉ ነው

ላብ ረዳት (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በሲ ቋንቋ በሚሰጥ ኮርስ የላብራቶሪ ረዳት ነኝ። የተማሪዎችን መልመጃ የሚያርመው ስክሪፕቴ ከትናንት ማታ ጀምሮ ትክክለኛ ሥራዎችን «ወደቀ» እያለ ነው፤ ውጤቱን ደግሞ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ማስረከብ አለብኝ። መልመጃው ተማሪው «ሪድ_ኢንት» የተባለ ፋንክሽን ጽፎ 5 ቁጥሮችን በእርሱ አማካይነት እንዲያነብ ያዛል። ስክሪፕቱ ፕሮግራሙን በጂዲቢ (ፕሮግራምን እያስቆመ በሚመረምር ዲበገር) ከፍቶ፣ በዚያ ፋንክሽን ላይ ብሬክፖይንት (የማቆሚያ ምልክት) አስቀምጦ፣ ስንት ጊዜ እንደቆመ ይቆጥራል፤ 5 ጊዜ ከቆመ ተማሪው ያልፋል። አሁን ግን አንዱ 10 ጊዜ፣ ሌላው 15 ጊዜ ቆመ እየተባለ ከ38 ተማሪዎች 21ዱ ወድቀዋል። የብዙዎቹን ኮድ መስመር በመስመር አንብቤዋለሁ፤ ስህተት የለበትም። ስክሪፕቱን አልነካሁትም፤ ባለፈው ሳምንት በዚሁ ኮምፒውተር ላይ በደንብ ይሠራ ነበር። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። እባካችሁ ቶሎ እርዱኝ።

ባለ ተርሚናል፦
የፋንክሽኑን ስም ይቀይሩት። «ሪድ_ኢንት» ማንም ሰው ሊያወጣው የሚችል ስም ስለሆነ ከሌላ ጋር ይጋጫል። ከፊቱ የኮርሱን መለያ ቢጨምሩበት ይበቃል።

መምህር 64፦
ወንድሜ፣ መፍትሔው ሳይቸኩል መሠረቱን መረዳት ይበጃል። በሲ ቋንቋ «ስታቲክ» ተብሎ የተጻፈ ፋንክሽን ከተጻፈበት ፋይል ውጭ ለሊንከሩ (ፋይሎቹን ወደ አንድ ፕሮግራም ለሚያያይዘው) አይታይም፤ ስለዚህ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ብዙ ስታቲክ ፋንክሽኖች ያለ አንዳች ጠብ ይኖራሉ። ዲበገር ግን ሊንከር አይደለም። የሚያነበው የዲበግ መረጃውን (በኮዱ ውስጥ ያሉትን ስሞችና ቦታቸውን የያዘውን መዝገብ) ሲሆን፣ በዚያ ውስጥ የግልም ሆነ የጋራ ስም ሁሉ ተመዝግቧል። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ከ7.4 ጀምሮ ጂዲቢ አሻሚ ስም ሲሰጠው አንዱን መርጦ አይቆምም፤ ስሙ በተገኘበት ቦታ ሁሉ፣ ፕሮግራሙ በጫናቸው ላይብረሪዎች (አስቀድመው በተዘጋጁ የኮድ ስብስቦች) ውስጥ ጭምር፣ ብሬክፖይንቱን ያስቀምጣል። ተማሪዎቻችን ስለ ሊንኬጅ ሲማሩ ይህን ልዩነት ብናሳያቸው ከብዙ ግራ መጋባት እናድናቸው ነበር።

ከርነል ወዳጅ፦
እኔ በጥያቄው አነሳስ አልስማማም። እርስዎ ይህን «የሐሰት ውድቀት» ብለው ያቀርቡታል፤ ጂዲቢ ግን የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል። በዚህ ስም በተጠራ ቦታ ሁሉ ቁም አሉት፣ ቆመ። የተበላሸው ፈተናው የሚጠብቀው ነገር ነው። «የቆመበት ብዛት» እና «የተማሪው ፋንክሽን የተጠራበት ብዛት» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ስክሪፕቱ እስከ ዛሬ እንደ አንድ የቆጠራቸው በአጋጣሚ እኩል ስለነበሩ ብቻ ነው።

ላብ ረዳት፦
ስለ ፈተናው የተባለው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሥራውን በትክክል ሠርቶ ዜሮ ለሚያየው ተማሪ ውድቀቱ ሐሰት ነው። ስሙንም መቀየር አልችልም፤ መልመጃው የተሰጠው ከሦስት ሳምንት በፊት ሲሆን ሁሉም አስገብተዋል።

የሌሊት ፈረቃ፦
ሁለት ነገር ይንገሩን። አንደኛ፣ ከወደቁት የአንዱን ፕሮግራም በእጅዎ በጂዲቢ ይክፈቱና ብሬክፖይንቱ ላይ ሲቆም «ኢንፎ ብሬክፖይንትስ» ይበሉ፤ የሚያዩትን ይጻፉልን። ሁለተኛ፣ በዚህ ሳምንት በኮምፒውተሩ ላይ ምን ጫኑ? ምንም አልነካሁም የሚል ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ጭኗል።

ላብ ረዳት፦
አንድ ብሬክፖይንት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ከሥሩ ግን 1.1፣ 1.2 እያለ እስከ 1.5 ተዘርዝሯል። የ1.1 አድራሻ በ5555 ይጀምራል፤ የቀሩት አራቱ በ7 ይጀምሩና ኤፍ በኤፍ ናቸው። ስለ መጫን፣ ማክሰኞ ዕለት የተማሪዎችን የሜሞሪ ስህተት ለማየት ቫልግሪንድን ጭኛለሁ። እርሱ ግን ከጂዲቢ ጋር ምን ያገናኘዋል?

የሌሊት ፈረቃ፦
ተገኘ። በዴቢያንና በኡቡንቱ ቫልግሪንድ ሲጫን «ሊብሲ6-ዲቢጂ» የተባለው ፓኬጅ አብሮት ይመጣል፤ በግድ የሚያስፈልግ ሳይሆን የሚመከር ተብሎ ነው፣ ፓኬጆችን የሚጭነው አፕት ግን የሚመከረውንም በነባሪ ይጭናል። ይህ ፓኬጅ የግሊብሲ፣ ማለትም ሊብሲ የምንለው የሲ መደበኛ ላይብረሪ፣ የዲበግ መረጃ ነው። እርሱ ከመምጣቱ በፊት ጂዲቢ በላይብረሪው ውስጥ ያሉትን የግል ስሞች አያውቃቸውም ነበር፤ አሁን ሁሉንም ያያል። በ5555 የሚጀምረው አድራሻ የተማሪው ፕሮግራም ነው፤ በ7 የሚጀምሩት በሊብሲ ውስጥ ያሉ ናቸው። ግሊብሲ በፕሪንትኤፍ (በማተሚያው ፋንክሽን) ኮድ ውስጥ ልክ «ሪድ_ኢንት» የተባለ የራሱ ስታቲክ ፋንክሽን አለው። ሥራው በፎርማቱ ውስጥ የተጻፈውን ቁጥር፣ ለምሳሌ በ«%5ዲ» ውስጥ ያለውን 5፣ ማንበብ ነው። ስፋት ያልተጻፈበት «%ዲ» ግን አይጠራውም። ግምቴን ይፈትሹልኝ፤ የወደቁት ተማሪዎች ውጤቱን በዓምድ አስተካክለው ያተሙት አይደሉም?

ላብ ረዳት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ልክ ነው! 10 ጊዜ የቆመባት ተማሪ በእያንዳንዱ መስመር አንድ «%5ዲ» አላት፤ 15 ጊዜ የቆመበት ደግሞ ሁለት ሁለት አለው። ካለፉት ውስጥ የከፈትኳቸው ሁሉ ቁጥሩን ያለ ስፋት፣ በ«%ዲ» ብቻ ነው ያተሙት። በጥንቃቄ የሠሩት ናቸው የወደቁት፤ በጣም ያሳዝናል።

አዲስ ገቢ፦
እኛ ክፍል ሁለት አበበ ነበሩ። መምህራችን «አበበ» ሲሉ ሁለቱም «አቤት» እያሉ ስለሚነሡ በመጨረሻ በአባት ስም መጥራት ጀመሩ። ጂዲቢም ሞክሼዎችን የሚለየው በአባት ስም ነው፤ የአባት ስሙ የፋይሉ ስም ነው። «ብሬክ ኢንፑት.ሲ:ሪድ_ኢንት» ቢሉት የሊብሲው አይነሣም።

ላብ ረዳት፦
ደስ የሚል አገላለጽ ነው፤ ሆኖም እያንዳንዱ ተማሪ ፋይሉን የሰየመው እንደ ፈቃዱ ነው፤ አንዳንዱም በሦስት ፋይል ከፋፍሎ ጽፎታል።

ጋሻ 7፦
ብሬክፖይንቱን ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት ያስቀምጡት፤ ያኔ ሊብሲ ገና ስላልተጫነ አንድ ቦታ ብቻ ያገኛል። ካልሆነ ደግሞ «-ኳሊፋይድ» የሚለውን አማራጭ ይጨምሩ።

የሌሊት ፈረቃ፦
ጋሻ፣ ሁለቱም አይሠሩም። ሲያስቀምጡት አንድ ቦታ መባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ላይብረሪ በተጫነ ቁጥር ጂዲቢ ብሬክፖይንቶቹን እንደገና ስለሚፈታቸው የቀሩት ቦታዎች ኋላ ይጨመራሉ። የጠያቂው ስክሪፕትም በመጀመሪያ አንድ ቦታ አይቶ ሳይሆን አይቀርም የተታለለው። «-ኳሊፋይድ» ደግሞ በሲ++ ኔምስፔስና ክላስ ውስጥ ያሉ ስሞችን ለመለየት የመጣ ነው፤ በሲ ሁለት ስታቲክ ሞክሼዎች ፊት ምንም አያደርግም።

ባለ ተርሚናል፦
አሁንም የምለው ስሙን ይቀይሩት ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ቢሆንም እንኳ።

መምህር 64፦
ለዛሬ ማታ ቀላሉ መንገድ የ«ሊብሲ6-ዲቢጂ» ፓኬጁን ማስወገድ ይመስለኛል። ቫልግሪንድን እፈልገዋለሁ ካሉ ጂዲቢን ሲያስነሡ፣ ፕሮግራሙ ከመከፈቱ በፊት፣ በ«-አይኢኤክስ» አማራጭ «ሴት ዲበግ-ፋይል-ዳይሬክቶሪ» የሚለውን ወደ ባዶ ማውጫ ያዙሩት፤ የተለየው የዲበግ ፋይል አይገኝም። የዲበግ መረጃ የሚያመጣው ዲበግኢንፎዲ በኮምፒውተሩ ላይ ከበራ እርሱንም ያጥፉት፤ አለበለዚያ ያስወገዱትን መረጃ ከኢንተርኔት ያወርደዋል።

ከርነል ወዳጅ፦
ይህ ለዛሬ ይሠራል፤ ስክሪፕቱ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄድ ግን ይመለሳል። ፌዶራ ለምሳሌ የዲበግ ፓኬጅ ባይጫንም የተጨመቀ የፋንክሽን ስም ዝርዝር በላይብረሪዎቹ ውስጥ ያስቀምጣል። አካባቢውን ከማጽዳት ይልቅ ጥያቄውን ማጥራት ይሻላል። ስክሪፕትዎ የጂዲቢን ፓይተን የሚጠቀም ከሆነ፣ በቆመ ቁጥር ያለበትን አድራሻ ለ«ጂዲቢ.ሶሊብ_ኔም» ይስጡት። አድራሻው በላይብረሪ ውስጥ ከሆነ የላይብረሪውን ስም ይመልስልዎታል፤ በፕሮግራሙ በራሱ ውስጥ ከሆነ «ነን» (በፓይተን «ምንም የለም») ይላል። «ነን» ያለውን ብቻ ይቁጠሩ፣ ሌላውን አልፈው ይቀጥሉ። የተማሪው ፋይል ምንም ይባል፣ በስንትም ይከፈል፣ ለውጥ አያመጣም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፤ በስታቲክ ሊንክ የተሠራ ፕሮግራም ከመጣ ሊብሲም በፕሮግራሙ ውስጥ ስለሚሆን መለያው ይጠፋል።

ላብ ረዳት፦
ሁሉም በተለመደው መንገድ ሊንክ የተደረጉ ናቸው። ስክሪፕቱም በፓይተን ነው። አሁኑኑ እሞክረዋለሁ።

አዲስ ገቢ፦
ሠራ?

የሌሊት ፈረቃ፦
ጠያቂው እስኪመለሱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ሳያነቡ ውጤቱን ባያስረክቡ ደስ ይለኛል። እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ወደቁት ነው። ያለፉትንም እንደገና ያስኬዷቸው። «ሪድ_ኢንት»ን ጨርሶ ያልጻፈ ተማሪ ቢኖር፣ በሲ ማንበቢያ ፋንክሽን በስካንኤፍ አንብቦ 5 ቁጥሮችን በ«%5ዲ» ካተመ፣ ስክሪፕቱ በሊብሲው ሞክሼ ላይ 5 ጊዜ ቆሞ «አለፈ» ብሎታል።