ቢልትሞርን በገና ጌጡ ለማየት ቀን ይሻላል ወይስ ማታ?

የአትላንታዋ፦
ሰላም ናችሁ? እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ እኔ ጋ ናት። ሰሜን ካሮላይና፣ አሽቪል ያለውን የቢልትሞር ቤት በገና ጌጡ ላሳያት ፈልጌ ነበር። የቀንም የማታም ትኬት አለ፣ የማታው ወደድ ይላል። ያዋጣል? ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ ላይ ቀስ ነው የምትለው። ከተቻለ ደግሞ ለእኛ ገና ባደርገው ደስ ይለኛል።

የግሪንቪሏ፦
እንኳን ደህና መጡ በይልኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር እዚያ ቤት የምትጎተተው እኔ ስለሆንኩ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ቀኑን አስተካክይ። ጌጡ ከኖቬምበር ጀምሮ ይቆይና ጃንዋሪ እንደገባ ይነሳል። ታኅሣሥ 29ን ከጠበቅሽ ላታገኙት ትችላላችሁ።

እኔ ቀን እላለሁ። የማታው የሻማና የምድጃ ብርሃን ያምራል፣ አልክድም። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያየው ሰው ያጨልምበታል። ያ የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ሥዕል ብቻውን የቀን ብርሃን ይገባዋል።

ትልቁ ዛፍ ያለው ግብር አዳራሹ ውስጥ ነው። ወደ 10 ሜትር ተኩል የሚሆን፣ ሰው ሠራሽ ያልሆነ፣ ተቆርጦ የመጣ እውነተኛ ጥድ። የአዳራሹ ጣሪያ 21 ሜትር ስለሆነ ከበሩ ላይ ስታዪው ተራ ዛፍ ይመስላል። ሥሩ ድረስ ሂዱና ቀና በሉ።

ቤቱን ያሠራው ባለጸጋ ጆርጅ ቫንደርቢልት ለቤተሰቡ የከፈተው በ1895 የፈረንጆች ገና ዋዜማ ነው። ያኔ ሚስት እንኳ አልነበረውም። ለአንድ ወንደላጤ 250 ክፍል! ኋላ ላይ ሚስቱ ኢዲት መጣች። የግቢው ሠራተኞች ልጆችም በገና እየተጠሩ ከዛፉ ሥር ስጦታ ይቀበሉ ነበር። ለእናትሽ ይህን ንገሪያቸው፣ ከዕቃው ብዛት ይልቅ ይህ ይገባቸዋል።

ምድር ቤቱን አትዝለሉ። ወጥ ቤቶቹ፣ ልብስ ማጠቢያው፣ መዋኛው ሁሉ እዚያ ነው። አክስቴ የመዳብ ድስቶቹ ፊት ቆማ «ይህን ሁሉ ማን ያጥበዋል?» ብላ አስቃናለች። ትልቁ ጠመዝማዛ ደረጃ ግን 102 እርከን ነው። ትኬት ሳትቆርጪ ደውይና በሊፍት የት የት እንደሚደረስ ጠይቂ።

ባለካሜራው፦
የግሪንቪሏ፣ ማታውንስ እንዲህ አታጣጥዪው! ፊት ለፊቱ ሜዳ ላይ ያለው ዛፍ መብራቱ ሲበራ ነው የሚያምረው። ውስጥም ሙዚቀኞች ይጫወታሉ። እኔ ቤቱን ቀን አይቼው ስለነበር ማታው አልከበደኝም። ቅዳሜና እሁድ ግን ወረፋው ያሰለቻል፣ የሥራ ቀን ምረጪ። ትኬቱ ላይ የመግቢያ ሰዓት አለ፣ እንዳታረፍዱ።

የአትላንታዋ፦
አመሰግናለሁ! ቀን ይሁን፣ ረቡዕ እንሄዳለን። አንድ ነገር ረሳሁ፦ እናቴ ነቢያትን እየጾመች ነው። እዚያ የሚበላ ታገኛለች?

የግሪንቪሏ፦
የድሮው የፈረስ በረት አሁን ምግብ ቤት ነው፣ የፈረሶቹ ማደሪያ ውስጥ ነው የምትቀመጪው። ለማየት ግቡ። ለጾሙ ግን ሽሮሽን ሠርተሽ በፔርሙዝ ያዢ፣ መኪና ውስጥ ትበላላችሁ። ለእናትሽ ወፍራም ካፖርት አትርሺ፣ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ቤቱ ያለው ብርድ ቀልድ አይደለም።