ሌሊት የሚላከውን ቁጥር ማን ይጠብቅ?

ታናሽ ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው። እሱ ኮምቦልቻ፣ እኔ ደሴ ነን። ክረምት ላይ "ጠዋት ባልነቃ ደስ ይለኛል" አለኝ። "ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ?" ብዬ በቀጥታ ጠየቅኩት። አንገቱን ደፍቶ "አዎ" አለ። መጠየቁ ያባብስበታል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን ቀለል አለው።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። መድኃኒት ጀምሯል፤ የሳምንቱን እየቆጠርኩ የምሰጠው እኔ ነኝ። ከሥነ ልቦና ባለሙያዋ ጋር በየሳምንቱ በስልክ ያወራል። አብረውም የደህንነት ዕቅድ ጽፈዋል፦ ሊብስበት ሲል የሚታዩት ምልክቶች፣ የሚያረጋጉት ነገሮች፣ የሚደውልላቸው ሰዎች፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ኔትወርክ ሲጠፋም እንዲያየው ፎቶ አንስተን ስልኩ ላይ አስቀመጥነው።

ማታ ማታ የጭንቀቱን መጠን ከ1 እስከ 10 በቴሌግራም ይልክልኛል። መደወል ያፍራል፣ ቁጥር መላክ ግን አይከብደውም። ለወንድ ልጅ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ባለፈው ሳምንት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ "9" ብሎ ላከ። ተኝቻለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሳየው እጄ ተንቀጠቀጠ። ስደውል አነሳው፤ ተመስገን። ለባለሙያዋም ወዲያው ነገርናት።

ከዚያ ወዲህ የእሱ መልእክት ሲገባ ስልኬ ጮክ ብሎ እንዲጠራ አደረግኩ። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ግን ዘግይቶ ይገባል። ብሰማውስ በዚያ ሰዓት በምን መኪና እደርሳለሁ? አንድ ክፍል የሚጋራው ጓደኛው ደግ ልጅ ነው፣ ግን ምንም አያውቅም። ወንድሜም "አትንገሪው" ይለኛል።

እንዲህ ያለ ወንድም ያላችሁ፣ እሱ ሳያፍርና ሳይሸሽ፣ አጠገቡ ያለ ሰው የሌሊቱን ጥበቃ እንዲጋራችሁ እንዴት አስማማችሁት?