የሴቶችን ጉዳይ ብቻ የሚዘግብ ሚዲያ ደመወዙን ከየት ያምጣ?

ዘጋቢዋ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት፤ ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

በአንድ የግል ሬዲዮ ጣቢያ የሴቶች ፕሮግራም ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። የአየር ሰዓቱም ሆነ የእኛ ደመወዝ የሚሸፈነው በፕሮጀክት ከአሜሪካ በሚመጣ ገንዘብ ነበር። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ዋሽንግተን ላይ የውጭ ዕርዳታን የሚያግድ ትእዛዝ ተፈረመ። ብዙ ሳይቆይ ፕሮግራማችን ከአየር ወረደ። ይህ የእኛ ጣቢያ ዕጣ ብቻ አልነበረም። ድንበር የለሽ ጋዜጠኞች የተባለው ድርጅት ያኔ እንደጻፈው፣ ዩኤስኤአይዲ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 6,200 ጋዜጠኞችንና 707 የመንግሥት ያልሆኑ ሚዲያዎችን ደግፎ ነበር።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ስልኬ ነው። አንዲት እናት እስካሁን ትደውልልኛለች። የልጇን ክስ በየቀጠሮው እየሄድን እንከታተል ነበር። ጋዜጠኛ ችሎት ውስጥ ከተቀመጠ ቀጠሮው በሆነ ባልሆነው አይራዘምም ብላ ታምናለች። እኔም አምናለሁ። አሁን ችሎቱ ውስጥ የምትቀመጠው ብቻዋን ነው።

ሌላው የሚያንገበግበኝ ገንዘቡ በነበረ ጊዜም የነበረ ነገር ነው። ፕሮጀክቱ ሥራ የሚፈልገው በዘመቻ ሰሞን ነው። የካቲት 29 የሴቶች ቀን ሲደርስ፣ ወይም ኅዳር 16 የሚጀምረው በሴቶች ላይ የሚደርስን ጥቃት የሚቃወመው የ16ቱ ቀን ዘመቻ ሲመጣ፣ በጀት አለ፣ መኪና አለ፣ ቲሸርት አለ። ሰኔ ላይ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሄጄ ልጆቹ የቤት ኪራይ ከከፈሉ በኋላ ከደመወዛቸው ምን እንደሚተርፋቸው ልጠይቅ ስል በጀት የለም። ወርክሾፕ ላይ ደግሞ አበል የሚከፍለን የሚዘገብለት ድርጅት ራሱ ነው። አበሉን ተቀብሎ የፈረመ ጋዜጠኛ ከባድ ጥያቄ እንዴት ይጠይቃል?

አሁን ከሁለት የቀድሞ ባልደረቦቼ ጋር ትንሽ፣ ለትርፍ ያልቆመ ሚዲያ ልንጀምር ነው። በአማርኛ፤ በቴሌግራም በድምፅ፣ በድረ ገጽ በጽሑፍ። የምንሸፍነው ችሎት፣ የሥራ ቦታ፣ ወሊድና ዐረብ አገር ነው። አንድ ለጋሽ ሲወጣ አብሮት የማይሞት ሚዲያ እንዴት ይቆማል? ለጋሹስ ምን እንደምንዘግብ እንዳይመርጥልን ምን እናድርግ? እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ የሠራችሁ ካላችሁ አሠራሩን ንገሩኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)

እህቴ፣ ጥያቄሽ የእኔ የዕለት ሥራ ነው። ለትርፍ ባልቆመ አንድ የዜና ድርጅት ገንዘብ አሰባሳቢ ክፍል ውስጥ ነኝ። የድርጅቱን ስም ልተወውና የማውቀውን ልንገርሽ።

ያንቺን ሐሳብ የሚመስል እዚህ አለ፤ ዘ ናይንቲንዝ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኦስቲን፣ ቴክሳስ ውስጥ የመሠረቱት ኤሚሊ ራምሾውና አማንዳ ዛሞራ ናቸው። ሁለቱም ከቴክሳስ ትሪቢዩን የመጡ ናቸው፤ እሱም ለትርፍ ያልቆመ ነው። ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1920 ከጸደቀውና የሴቶችን የመምረጥ መብት ካረጋገጠው 19ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። አርማቸው ላይ አንዲት የኮከብ ምልክት (*) አለች። ማሻሻያው ከጸደቀ በኋላም በተለይ በደቡብ ያሉ ጥቁር ሴቶች ለአሥርት ዓመታት መምረጥ አልቻሉም፤ ኮከቧ ለእነሱ ናት። ይህቺን ነገር በጣም እወድላቸዋለሁ።

ገንዘቡ ከፋውንዴሽኖች (ገንዘብ ከሚለግሱ የበጎ አድራጎት ተቋማት)፣ ብዙ ከሚሰጡ ግለሰቦች፣ ከድርጅት ስፖንሰሮችና ከአባላት ነው የሚመጣው። አልዋሽሽም፣ በዚህ ዘርፍ አብዛኛው ቤት አሁንም የፋውንዴሽን ጥገኛ ነው። ሲደመር ከዘርፉ ገቢ ግማሽ ያህሉ ከዚያ ነው። በአንባቢ መዋጮ ብቻ እንኖራለን ብለሽ አትጀምሪ።

ልዩነቱ ገንዘቡ ለምን እንደሚሰጥ ነው። ፕሮፖዛል ስትጽፊ «ስለ እናቶች ጤና ይህን ያህል ዝግጅት እንሠራለን» አትበዪ። «የአንድ የችሎት ዘጋቢ የሁለት ዓመት ደመወዝ፣ መጓጓዣና ስልክ» በዪ። ጥቁር አሜሪካዊቷን ብሪዮና ቴይለርን አስታውሺ። መጋቢት 2020 ሉዊቪል ውስጥ በገዛ ቤቷ በፖሊስ ተገደለች። ግንቦት ላይ ጉዳዩን ለመላ አገሩ ቀድመው ካደረሱት መካከል የዘ ናይንቲንዟ ኤሪን ሄንዝ ነበረች፤ ያውም ድርጅቱ ገና በይፋ ሥራ ሳይጀምር። እንዲህ ያለውን ዜና ማንም ለጋሽ ቀድሞ በፕሮፖዛል ሊያዝዘው አይችልም። ዘጋቢ ደመወዟ ተከፍሎ፣ ነፃ ሰዓት ኖሯት ስትገኝ ብቻ የሚመጣ ነው።

ሁለተኛ፣ የሰጪዎችን ስም አውጡ። እዚህ ኢንስቲትዩት ፎር ኖንፕሮፊት ኒውስ የሚባል ኅብረት አለ፤ አባል ለመሆን በዓመት 5,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠን ሁሉ በስም መግለጽ ግዴታ ነው። እናንተ መጠኑን በብር አውርዳችሁ አድርጉት። ደንቡ ላይ ደግሞ «ሰጪ ከመሰራጨቱ በፊት ዘገባ አያይም» የሚል ዐረፍተ ነገር ይኑር፤ ውሉ ላይም ይግባ። እምቢ ያለ ለጋሽ ካለ ገና ከጅምሩ ታውቂዋለሽ። ይህን አንቀጽ ለትሕትና ብለሽ አታለስልሺው።

ሌላው፣ አንድ ሰጪ ከጠቅላላ ገቢያችሁ ከሢሶ እንዳይበልጥ። በመጀመሪያው ዓመት አይሳካም፤ በሦስተኛው ግን ግባችሁ ይሁን። ሬዲዮውን የገደለው ይኸው ነው።

እዚህ ያለን ሐበሾች እንስጥ ብንል፣ የራሳችሁ የአሜሪካ ድርጅት እስክታቋቁሙ ድረስ ፊስካል ስፖንሰር የሚባል መንገድ አለ። ፈቃድ ያለው ድርጅት ገንዘቡን በስሙ ተቀብሎ፣ ጥቂት በመቶ ቆርጦ ለእናንተ ያስተላልፋል። ለውጭ አገር ሥራ ሁሉም እሺ አይልም፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ታዛቢ (ባሕር ዳር)

በአክብሮት ልጠይቅ። በውጭ ገንዘብ እስከተሠራ ድረስ ሕዝቡ «የፈረንጅ አጀንዳ» ማለቱ አይቀርም። ለምን የአገር ውስጥ ማስታወቂያ አይበቃም? ደግሞስ ለምን የሴቶች ብቻ? የወንዱም የሴቱም ችግር አንድ ላይ ቢዘገብ አይሻልም?

ዘጋቢዋ (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ሐዋሳ ስላለ ፋብሪካ ዘግቤ ከዚያው ፋብሪካ ማስታወቂያ ልጠይቅ? የማስታወቂያ ገንዘብም ባለቤት አለው፤ ያውም ስሙን ሳይገልጽ ዜና የሚያስቀር ባለቤት። ለአጀንዳው ሥጋት የምሰጥህ መልስ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ነው፦ ከማን ስንት እንደተቀበልን ገጻችን ላይ ታያለህ። ዘገባውን ከዝርዝሩ ጋር አስተያይተህ አድልተዋል ካልክ በስማችን ትጠይቀናለህ።

«ለምን የሴቶች ብቻ» ላልከው፣ በሠራሁባቸው የዜና ስብሰባዎች የወሊድ ክፍል ውሃ መቋረጥ ሁሌ መጨረሻ ላይ ይነሣል፤ ሰዓት ካለቀ ይወድቃል። ይህ ዜና አንደኛ ሆኖ የሚነሣበት አንድ ስብሰባ በዚህ አገር እንዲኖር እፈልጋለሁ። ሌላውን የሚሠሩ ብዙ ናቸው።

የሕግ ባለሙያ

ልጄ፣ ከሕጉ ጀምሪ። የቀድሞው የበጎ አድራጎት አዋጅ ቁጥር 621/2001 በሴቶች መብት ላይ የሚሠራ አገር በቀል ድርጅት ከውጭ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ እንዳያገኝ ከልክሎ ነበር። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ምን እንደደረሰበት በዓይናችን አየን። አብዛኛውን ሠራተኛውን አሰናበተ፤ የባንክ ገንዘቡም ታገደ። ነፃ የሕግ ምክር ፍለጋ ከየክፍለ ከተማው የሚመጡ ሴቶች በጥቂት በጎ ፈቃደኞች ትከሻ ላይ ቀሩ። የዛሬውን ፕሮግራም ዋሽንግተን ዘጋችው፤ ያኔ የዘጋነው ራሳችን ነን። ስለዚህ የገንዘብ ምንጫችሁን ስታበዙ ከሁለቱም በኩል የሚመጣ ምት እንዳለ ቁጠሩ።

አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያንን ገደብ አነሣ። ከማንኛውም ሕጋዊ ምንጭ ገንዘብ ማግኘት፣ የገቢ ማስገኛ ሥራም መሥራት ይቻላል፤ ትርፉን ለአባላት ማከፋፈል ግን አይቻልም። የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። የዘጋቢዋ ደመወዝ የፕሮግራም ወጪ እንጂ የአስተዳደር እንዳልሆነ ከመጀመሪያው በጀታችሁ ላይ በግልጽ ይቀመጥ። ኦዲት ሲመጣ ለማስረዳት ከመሯሯጥ ያድናል።

የምታንኳኩት ሁለት በር ነው፦ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣንና የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን። በሁለተኛው በኩል የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013 በ2017 ተሻሽሏል፤ የድሮውን ቅጂ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ።

ከጅዳ

እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ስለ ፈንድ አላውቅም። ግን ዐረብ አገር እንሸፍናለን ስላልሽ ልጻፍ ብዬ ነው።

የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጁ ቪዛና ትኬት አሠሪ ይከፍላል እንደሚል የሰማሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። ደላላው ከእናቴ ላይ ገንዘብ ተቀብሏል፤ በግ ሸጣ ነው የከፈለችው። ይህን ከመሄዴ በፊት በሬዲዮ ብሰማ ኖሮ እጠይቅ ነበር። አሁንም እዚህ ያሉ ልጆች ደመወዝ ሲከለከሉ የት እንደሚሄዱ አያውቁም።

እኛ ካገኘን እንከፍላለን። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ በእኔ ስም በወር በወር በቴሌብር ትልክላችኋለች። ግን ድምፅ አድርጉት። ጽሑፍ ማንበቢያ ጊዜ የለኝም፤ ድምፅ ከሆነ ኩሽና ሆኜ እሰማለሁ። ረጅምም አታድርጉት፤ እመቤቲቱ ጆሮ ላይ ስልክ ሲሰካ አትወድም።

ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)

የጅዳዋን እህቴን እቅፍ አድርጌ ሳምኩሽ። ዘጋቢዋ፣ እሷ ያለችውን እንደ ገበያ ጥናት ያዢው። ለጋሽ ስታነጋግሪም የሚቀርበው ይኸው ነው፦ ማን ይሰማል፣ ሰምቶስ ምን አደረገ።

አንድ ልጨምር። ሕንድ ውስጥ ኡታር ፕራዴሽ፣ ቺትራኮት ላይ ካባር ላሃሪያ የሚባል ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ2002 ተጀመረ። ዘጋቢዎቹ የገጠር ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ዳሊት፣ ማለትም በሕንድ የዘር መደብ ሥርዓት የተገለሉ። ኒራንታር የተባለ የሴቶች ትምህርት ድርጅት አቅፎ አሳደጋቸው። በአካባቢው ቋንቋ በቡንደሊ እያተሙ መንደር ለመንደር ራሳቸው ይሸጡት ነበር። በኋላ ወደ ቪዲዮ ዞሩ። ትንሽም ብትሆን ከአንባቢ የምትገባ ገንዘብ ዘጋቢዋን ለሰሚዋ ተጠያቂ ታደርጋታለች። በቴሌብር የሚመጣው ደመወዝ ባይሸፍንም ከመጀመሪያው ወር ጀምሩት።

ዘገባችሁንም ዘ ናይንቲንዝ እንደሚያደርገው ለሚፈልግ ሁሉ በነፃ ስጡ። የክልል ኤፍኤሞች ባዶ ሰዓት አላቸው፤ ስማችሁን ጠቅሰው ይልቀቁት።

ዘጋቢዋ (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የሕግ ባለሙያዋ እትዬ፣ የደመወዙን ነገር እንዳሉት በጀቱ ላይ አስገብተነዋል።

ከባልደረቦቼ ጋር ተነጋግረናል። ቴሌግራም ላይ በአጫጭር ድምፅ እንጀምራለን፤ ድረ ገጹ ይቆያል። መጀመሪያ የምንቀጥረው የችሎት ዘጋቢ ነው፤ ለለጋሽ የምናቀርበውም የእሷን የሁለት ዓመት ደመወዝ ነው። ከምንዘግብለት ድርጅት አበል አንቀበልም፤ መጓጓዣችንን ራሳችን እንከፍላለን። የመጀመሪያው የዐረብ አገር ዝግጅት ቪዛና ትኬት ማን እንደሚከፍል ይሆናል።

የገንዘብ ደንባችንን ረቂቅ ሁለት ገጽ አድርጌ ጽፌዋለሁ። አሁን የምፈልገው አንብቦ የሚያርምልኝ ሰው ነው። በተለይ ስለ መንግሥት ገንዘብ የጻፍኩት አንቀጽ ላይ አልተስማማንም፤ እኔ የየትኛውንም መንግሥት አንቀበል እላለሁ፣ ባልደረቦቼ የኤምባሲ አነስተኛ ፈንድ እንቀበል ይላሉ። ፈቃደኛ የሆነ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ዛሬ ማታ እልካለሁ።