ክርክር፦ ተከታይ ጌም የሚሠራው ለፍቅር ነው ለትርፍ?

ጠያቂው፦ ትናንት ማታ ከወንድሜ ጋር የተጨቃጨቅንበትን ጉዳይ ላምጣው። እሱ «ቁጥር ሁለት፣ ቁጥር ሦስት እያሉ የሚያወጡት ኪሳችንን ሊያራቁቱ ነው» ይላል። እኔ አልቀበልም። ሆሎው ናይት የተባለውን ጌም የሠራው የአውስትራሊያው ቲም ቼሪ የጥቂት ሰዎች ቡድን ነው። ተከታዩ ሲልክሶንግ መጀመሪያ ለዚያው ጌም ተጨማሪ ምዕራፍ እንዲሆን ነበር የታሰበው። እየሰፋ ሄደና በ2019 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ራሱን የቻለ ተከታይ እንደሚሆን ተነገረ፤ የወጣው በሴፕቴምበር 2025 ነው። ዋጋው 20 ዶላር። ገንዘብ ብቻ የሚያሳድድ ሰው ስድስት ዓመት ተኩል ይለፋል?

ባለ ፕሌይስቴሽን ቤቱ፦ ወንድሜ፣ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ያሉበትን ቤት ከትልቅ ኩባንያ ጋር አታወዳድር። የተኩስ ጌሙ ኮል ኦፍ ዱቲ ከ2005 ጀምሮ አንድም ዓመት ሳይዘል ወጥቷል። ቀን ቆጥሮ በየዓመቱ የሚመጣ ግብር እንጂ ፍቅር አይደለም።

ፕሮግራመሯ፦ ጋሼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ላርምዎት። በየዓመቱ የሚመጣው ስሙ ነው እንጂ ቡድኑ አንድ አይደለም፤ ኢንፊኒቲ ዋርድ፣ ትሬያርክና ስሌጅሃመር የተባሉ ስቱዲዮዎች ተራ እየተቀባበሉ ነው የሠሩት። እኔም ከዚህ ብዙ ባልራቀ ሥራ ላይ ነኝ፤ ኮዱን የሚጽፈው ሰው ሥራውን እስከ እንቅልፍ ማጣት ድረስ ሊወደው ይችላል፣ የሚወጣበትን ቀን የሚቆርጠው ግን ሌላ ነው። ከኮል ኦፍ ዱቲ አንዱ የሆነው፣ ኢንፊኒቲ ዋርድ የሠራው ሞደርን ዋርፌር 2 በኖቬምበር 2009 ወጥቶ የሽያጭ ክብረ ወሰን ሰበረ። በማርች 2010 ደግሞ አሳታሚው አክቲቪዥን ከኢንፊኒቲ ዋርድ መሥራቾች መካከል ጄሰን ዌስትንና ቪንስ ዛምፔላን አባረረ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2012 በስምምነት አለቀ። ሁለቱ ሪስፖን የተባለ ስቱዲዮ መሠረቱ፤ ብዙ ባልደረቦቻቸውም ተከተሏቸው። ሞደርን ዋርፌር 3ስ? በ2011 ወጣ። ጎጆውን የቀለሱት ወጥተው ሄዱ፣ ጎጆው ግን ኪራይ መሰብሰቡን አላቆመም። ስለዚህ «ስቱዲዮው ምን ይፈልጋል?» ከማለታችን በፊት «ስሙ የማን ነው?» ብለን ብንጠይቅ ይሻላል።

ታዛቢው፦ ትርፍ ሁልጊዜ ተከታይ የሚያስወልድ ከሆነ ቫልቭ የተባለው ኩባንያ የሠራውን ሃፍ ላይፍን ምን ትሉታላችሁ? ሁለተኛው በ2004 ወጣ፤ ታሪኩ በ2007 ልብ ሰቅሎ ተቋረጠ። ከዚያ 13 ዓመት ዝም። በ2020 የመጣው አሊክስም ታሪኩ ከሁለተኛው በፊት የሚሆን ነው። ቁጥር 3 ብለው ቢያወጡ ሰው ይሻማበት ነበር! ቫልቭ ግን ስቲም የተባለው የኢንተርኔት ጌም መሸጫ ባለቤት ነው፤ ሌላው እዚያ ከሚሸጠው ሁሉ ድርሻውን ይቆርጣል። ጠግቦ ያደረ ምን ያስቸኩለዋል? እንግዲህ ፍቅር ነው ያዘገያቸው ወይስ ጥጋብ፣ ፍረዱ።

ባለ ፕሌይስቴሽን ቤቱ፦ እህቴ ያልሽው ገብቶኛል፣ ስለ ስሙ ልክ ነሽ። ግን እኛንም አንርሳ። አዲሱን የእግር ኳስ ጌም ሳላስገባ ከዘገየሁ ልጆቹ ጎረቤት ቤት ይሄዱብኛል። ከአምናው በምን እንደሚለይ ስጠይቃቸው የተዘዋወሩ ተጫዋቾችን ይቆጥሩልኛል። አንዱማ «ማሊያው ተቀይሯል» ብሎኛል። እንዲህ ያለ ገዢ ያገኘ ነጋዴ ምን አስጨንቆት አዲስ ነገር ይፈጥራል?

ፕሮግራመሯ፦ ይህን አልከራከርዎትም። ጠያቂው ግን አንድ ነገር ይመልስልኝ። ላሪያን የተባለው የቤልጂየም ስቱዲዮ በ2023 ባልደርስ ጌት 3ን አውጥቶ የዓመቱን ምርጥ ጌም ሽልማት ወሰደ። በማርች 2024 ኃላፊው ስቬን ቪንከ አራተኛውን እነርሱ እንደማይሠሩት ተናገረ። ስሙ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለ ሌላ ኩባንያ ነውና ባለቤቱ ለሌላ ስቱዲዮ መስጠት ይችላል። አራተኛው በሌላ እጅ ተሠርቶ ቢመጣ ትገዛዋለህ?

ጠያቂው፦ እገዛዋለሁ። እየተራገምሁ እገዛዋለሁ። ወንድሜ ብቻ ይህን እንዳያነብ።