ለሐኪም ስደውል ቃል ይጠፋኛል፤ ምን ይሻለኛል?

አዲሷ ነርስ (ሜሪላንድ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በማታ ፈረቃ ነርስ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ሦስተኛ ወሬ ነው። 28 አዛውንቶች በእጄ ናቸው። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ከአልጋቸው ሥር ወድቀው አገኘኋቸው። ለተረኛው ሐኪም ደውዬ «ወድቀዋል» ካልኩ በኋላ የምናገረው ጠፋኝ። ደም ማቅጠኛ እንደሚወስዱ እንኳ የነገርኩት እሱ ሲጠይቀኝ ነው። እሳቸው ደህና ናቸው፤ እኔ ግን ሥራ መግቢያ ሰዓት ሲቃረብ ሆዴ ይላወሳል። በዕድሜ እናቶቼ የሚሆኑ ረዳት ነርሶችን ማዘዝም ይከብደኛል።

የሌሊት ፈረቃ፦
አይዞሽ እህቴ። ስልኩን ከማንሳትሽ በፊት አራት ነገር ጻፊ፦ ምን እንደተፈጠረ፣ የኋላ ታሪካቸውን፣ አንቺ ያየሽውን፣ የምትጠይቂውን። «የ84 ዓመት እናት ናቸው። ከአሥር ደቂቃ በፊት ወድቀው ተገኙ። ዋርፋሪን የተባለ ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። ጭንቅላታቸውን ተመትተው እንደሆነ አላወቅንም። የደም ግፊታቸውና የልብ ምታቸው ይኸው። ሆስፒታል ሄደው እንዲመረመሩ እፈልጋለሁ።» የመጨረሻዋን አትተያት፤ እኔ ዓመት ሙሉ እየተውኳት ስንት ጊዜ «ታዲያ ምን ላድርግ?» ተብያለሁ። እንግሊዝኛዬ ያስታውቃል ብለሽም አትጣደፊ፤ ቁጥሮቹን ቀስ ብለሽ አንብቢ።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦
እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የወደቀው ሰው ከተደናገረ፣ ካስመለሰው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው 911 (የአሜሪካ የድንገተኛ ጥሪ ስልክ) መደወል ይቀድማል፤ ለሐኪሙ ቀጥሎ ይነገረዋል። ከወለሉም ቶሎ አታንሷቸው፤ አንገታቸውንና ዳሌያቸውን ሳታዪ አይነኩ።

አሥራ ስድስት ዓመት የሠራሁ፦
ስለ ረዳቶቹ ልንገርሽ። ፈረቃ እንደገባሽ «እትዬ፣ ዛሬ ማን ነው እንደወትሮው ያልሆነው?» ብለሽ ጠይቂ። አንዲት ረዳት «ሾርባቸውን ሳይነኩ መለሱ፣ ስሜንም ረሱት» ብላ የነገረችኝ አባት ትኩሳት አልነበራቸውም፤ ሲመረመሩ የሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ። አዛውንት ሲታመም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ደግሞም ከባድ ሰው ሲገላበጥ አብረሻቸው ያዢ። ከዚያ በኋላ የምትጠይቂያቸው ነገር ትእዛዝ አይመስላቸውም።

አዲሷ ነርስ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አራቱን መስመር በካርድ ጽፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። መድኃኒት ሳድል በየመሃሉ ሲጠሩኝስ?

የሌሊት ፈረቃ፦
አጣዳፊ ካልሆነ «ይህችን ጨርሼ እመጣለሁ» በይ። አጣዳፊ ከሆነ የመድኃኒት ጋሪውን ቆልፈሽ ሂጂ፤ ስትመለሺ የያዝሽውን መድኃኒት ከስማቸው ጋር ከመጀመሪያው አመሳክሪ።